ቤት ለእንግዳ፤ ባለቤቱስ?

ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ መንዝ ወጥቼ፣ ከታላቅ ወንድሜ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ የእንግሊዝኛ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። «ባህላዊ ቤት» በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ እንድትጽፍ ታዝዛ ኖሯል። የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «የምኖረው በአንዲት ባህላዊ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆዋ ክብ ናት። የተሠራችው ከድንጋይና ከሣር ነው። ቆንጆና ማራኪ ናት። ጎብኚዎች በጣም ይወዷታል።» ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ዘጠኝ ተሰጥቷታል።

ሰዋስዉ አልተዛነፈም፤ ሆሄያቱም ተሟልተዋል። እኔን ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። እስከማውቀው ድረስ የዚያን ቤት ደጃፍ የረገጠ ጎብኚ የለም። ጎረቤት ይገባል፤ የነፍስ አባት ይገባሉ፤ የመሸበት መንገደኛ ይገባል። ፎቶግራፍ ማንሻ በአንገቱ ያንጠለጠለ አገር ጎብኚ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ታዲያ ይህች ልጅ በተወለደችበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ስለ ቤቷ እንድትናገር ስትጠየቅ፣ መጥቶ የማያውቅ እንግዳ ስለሚወደው ነገር የጻፈችው ለምንድን ነው?

«ለመሆኑ ጣራውን የተሸከመው ይህ ምን ይባላል?» ብዬ ወደ ምሰሶው አመለከትኋት። በእንግሊዝኛ አላወቀችውም። «በአማርኛስ?» አልኋት። ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ ወጋግራውን፣ መደቡን፣ ቆጡን፣ ጎታውን አንድ በአንድ ጠራችልኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አልጻፍሽውም?» ብላት፣ በጥያቄዬ እንደ መገረም ብላ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ትምህርት አይደለም» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያች አንዲት መልስ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የቱሪስት መስሕብንና ባህላዊ ቤትን ለመግለጽ የሚሰጠው ልምምድ፣ ዛሬ በተለመደው መንገድ ሲካሄድ ሁለት ጥፋት ያደርሳል። አንደኛ፣ ልጁን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ለዚህ ሁሉ ኪሣራ ካሣ ይሆናል የተባለውን እንግሊዝኛ እንኳ በቅጡ አያስተምረውም።

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ጠቤ ከእንግሊዝኛ ጋር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ለዘመናዊ ትምህርት የውጭ ቋንቋን ይዞ ተነሣ፤ በዚያ ዘመን ገናና የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የመሐል ሜዳ፣ የራቤልም ሆነ የዓለም ከተማ ልጅ ወደ ሕክምናም ወደ ምህንድስናም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተማቸው ድርሰቶች፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ከቤቱ ቋንቋ ሲለያይ ልጁ ከራሱ ይለያያል ብሎ ተከራክሮ፣ እርሱ ራሱ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። በሩ አለ፤ ልጆቻችንም ይገቡበታል። የምጠይቀው፣ ሲገቡ ምን ይዘው ይግቡ የሚለውን ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ መስሕቡ ትምህርት እንነጋገር። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በዓመቱ የጎንደር የፋሲል ግቢ ተከተለ፤ ከዚያም አክሱም፣ ጢያ፣ ሌሎችም። የሚያኮሩ ናቸው፤ ልጆችም ሊያውቋቸው ይገባል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ተማሪው አይቶት ስለማያውቀው ሥፍራ፣ «ድንቅ»፣ «ጥንታዊ»፣ «ማራኪ»፣ «ታዋቂ» የሚሉ አራት ቅጽሎችን እየደረደረ እንዲጽፍ ይደረጋል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ «ወደ ላሊበላ ያደረግሁት ጉብኝት» የሚል ድርሰት በእንግሊዝኛ ጽፌ በክፍል ፊት እንዳነብ ተመርጬአለሁ። በዚያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን ያለፈ አገር አላየሁም ነበር። መዋሸቴን መምህሬ ያውቃሉ፤ ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ማንም እንደ ውሸት አልቆጠረውም፤ በእንግሊዝኛ ነበርና! በባዕድ ቋንቋ የሚነገር ነገር እውነት መሆን እንደማይጠበቅበት ያን ዕለት ተማርሁ። ከዚያ ትምህርት ለመፋታት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህ የቅጽል ቋንቋ ከየት መጣ? ከቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን ቱሪዝም ባቀኑበት ዘመን «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» የሚለውን መፈክር ለዓለም አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ አገልግሏል። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ የሙቀትና የበረሃ ሥዕል ብቻ ለሚጠብቅ እንግዳ ከዚህ የበለጠ ግብዣ ማን ሊያስብለት ይችል ነበር? ብልሃተኛ መፈክር ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጉም ውስጥ፣ ባና ተከናንቦና ገሣ ለብሶ በግ የሚጠብቀውን የመንዝ እረኛ፣ «አገሬ 13 ወር ፀሐይ ያበራባታል» ብሎ በቃሉ እንዲወጣው ስናደርገው፣ ለእንግዳ የተጻፈውን ግብዣ ለባለቤቱ የማንነት ወረቀት አድርገን ሰጠነው ማለት ነው። መፈክሩ አልበደለም፤ የበደልነው ከቦታው አንሥተን ከልጁ አፍ ውስጥ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። የወንድሜ ልጅ «ከድንጋይና ከሣር ተሠራች» ብላ ያለፈችው ቤት ምን ይዟል?

ድንጋዩ ካብ ነው። በደጋው እንጨት ብርቅ ስለሆነ፣ የመንዝ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ይክባል፤ ያለችውን እንጨት ለጣራው ይቆጥባል። ካቡ ከውስጥና ከውጭ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየመካከሉ ካልገባበት፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቶ ይናዳል። ወንድሜ ይህን ለልጁ ሲነግራት ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት ጠይቃው እንደማታውቅም ተረዳሁ።

ሣሩ ደግሞ ጓሳ ነው። ጓሳ ተራ ሣር አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጠው ውርጫማ አምባ ላይ የሚበቅል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሣ የሚሆን ጠንካራ ሣር ነው። ይህ ሣር የሚበቅልበት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት፣ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በአገሩ ሰው ሕግ ሲጠበቅ እንደ ኖረ ይነገራል። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ መሬቱ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ያህል ከአጫጅና ከግጦሽ ይከለላል፤ ሲደርስ ለባለመብቶቹ በአዋጅ ይከፈታል፤ ሕጉን የተላለፈ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር፣ ይህም ጥንታዊ ጥበቃ አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ዳሩ ግን የአገሩ ሰው ኋላ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ፣ በኮሚቴው አማካይነት ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ በዚያ ጓሳ መካከል ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ፤ እነርሱን ለማየትም እንግዳ ከሩቅ አገር ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ልጅቱ «ሣር» ብላ ባለፈችው ቃል ውስጥ የሕግ ታሪክ አለ፤ የመሬት ታሪክ አለ፤ የአውሬ ጥበቃ አለ፤ ሕዝብ ያጣውን እንደገና ያቋቋመበት ጥበብ አለ። ቱሪስቱ የመጣለት መስሕብና የእርሷ ቤት ጣራ አንድ ነገር ናቸው! መማሪያዋ ግን አንዱን «ሊጎበኝ የሚገባው ሥፍራ»፣ ሌላውን «ባህላዊ ጎጆ» ብሎ በሁለት ምዕራፍ ለያይቶባታል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ ያልሁትን ሁለተኛ ጥፋት ላስረዳ። የማስታወቂያው እንግሊዝኛ ቅጽል ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ቆንጆ፣ ድንቅ፣ ክብ። የቤቱ እውነት ግን አያያዥ ይጠይቃል፦ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «እንዲህ እንዳይሆን»። «እንጨት ስለማይገኝ በድንጋይ ይከባል።» «ጓሳው ለዓመታት ካልተከለለ ለክዳን አይደርስም።» «ጢሱ ዓይን ቢያቃጥልም ሣሩን ከተባይና ከእርጥበት ይጠብቀዋል።» እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ከባድ ናቸው፤ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሕግ ባለሙያውም ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ግን ይኸው ነው። አራት ቅጽል የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አንድን ነገር ከምክንያቱ ጋር አያይዞ መጻፍ ቢሳነው ምን ያስገርማል?

ወደ ቃሉም እንምጣ። በደብተሩ ውስጥ ለቤቱ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስም «ሀት» ነው። «ሀት» በእንግሊዝኛ ትንሽ፣ ተርታና ጊዜያዊ መጠለያ ማለት ነው። የሁለት ትውልድ ቅልብ ያሳደገ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል የድንጋይ ቤት «ሀት» ሲባል፣ የአዲስ አበባው የቆርቆሮ ክፍል ግን «ሀውስ» ይባላል። በየመዝናኛው ደግሞ ለእንግዳ ማሳረፊያ የሚሠራው ክብ ቤት «ቱኩል» ይሰኛል፤ የመንዝ ሽማግሌ ስለ ቤቱ ሲናገር ይህን ቃል ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ የራሳችንን ስም ማን ከለከለን? የእስኪሞው «ኢግሎ» እና የመካከለኛው እስያ ዘላን «የርት» በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። ናይጄሪያዊው ቺንዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ የአባወራውን ቤት በኢግቦ ስሙ «ኦቢ» ብሎ ጠርቶ፣ ዓለም በዚያው ስም እንዲያነበው አደረገ። የእንግሊዝኛ ቋንቋም ይህን ስም በመሸከሙ አልፈረሰም።

የቤት ስም የአኗኗር ቁልፍ ነው። የሐረሪው «ጊዲር ጋር» ከነደባዎቹ ጋር፣ በየትኛው ከፍታ ማን እንደሚቀመጥ የሚናገር የማኅበራዊ ኑሮ መጽሐፍ ነው። የዶርዜው የቀርከሃ ቤት ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ ሰው ተባብሮ አንሥቶም ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ቁመቱ ዕድሜውን ይናገራል። በሰሜን ሸዋም ቢሆን የመንዝን ውርጭ የሚመክት ቤትና በጀማ ሸለቆ ቆላ ሙቀት ውስጥ ያለ የመርሐቤቴ ቤት አንድ ጥያቄ አይመልሱም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በሥዕል ደርድሮ «ባህላዊ ቤቶች» ብሎ ማለፍ፣ አምስት መጻሕፍትን በሽፋናቸው ቀለም እንደ መግለጽ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ልጆቻችን አስጎብኚ ሆነው እንጀራ እንዲበሉ የማስታወቂያው ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል» ይሉ ይሆናል። ለእንጀራው ከሆነ እንነጋገር። ከጓሳ አፋፍ ላይ እንግዳ የሚመራ ወጣት፣ «ይህ ሣር ለምን አይታጨድም? ማነው የሚጠብቀው? ሕጉን ማን አወጣው?» ተብሎ ቢጠየቅና «በጣም ማራኪ ሣር ነው» ብሎ ቢመልስ፣ እንጀራው የት አለ? እንግዳው ማራኪነቱን በዓይኑ አይቶታል፤ የመጣው የማያየውን ለመስማት ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ለታተመው «ሰምና ወርቅ» ለተሰኘው መጽሐፉ፣ አማርኛ ተምሮ መንዝ ድረስ ወጥቶ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ጠይቋል። በድምዳሜዎቹ ሁሉ የምንስማማ አይመስለኝም፤ እርሱ ግን መንዝን ለመግለጽ አማርኛ ያስፈልገኛል ብሎ አመነ። እኛ የመንዝን ልጅ ቤቷን ለመግለጽ አማርኛዋን ከደጅ ጥላ እንድትገባ እናደርጋታለን። ከሁለታችን ማን ነው ባዕዱ?

ሌሎች ደግሞ፣ «አንተ ከተማ ተቀምጠህ፣ ቆርቆሮ ሥር እየተኛህ፣ የድሃውን ጢስ ታወድሳለህ» ይሉኛል። ይህ ወቀሳ ሥፍራ አለው፤ ስለዚህ በቀጥታ ልመልስ። ሕዝቡ በሣር ክዳን ሥር ይኑር አላልሁም። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን በኩበት ጢስ ታማለች፤ ወንድሜም አቅም ቢያገኝ ነገ ጣራውን በቆርቆሮ ለመቀየር ቆርጧል፤ መብቱ ነው። ዳሩ ግን ልጅቱ ይህንንስ ጻፈችውን? አልጻፈችም! «ቆንጆና ማራኪ ናት» አለች። የማስታወቂያው ቋንቋ የቤቱን ጥበብ እንደሰወረ ሁሉ፣ የቤቱንም ሥቃይ ሰወረ። ማፈርና ማሞካሸት ከአንድ ማሕፀን የወጡ መንትዮች ናቸው፤ ሁለቱም ቤቱን በውጭ ሰው ዓይን ያዩታል። የቤቱ ልጅ ብቻ ናት «ካቡ ጽኑ ነው፤ ጢሱ ግን እናቴን ጎዳት፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫ እንሥራ» ለማለት የምትችለው። ነገን የሚሠራውም ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

መምህራንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። በተጨናነቀ ክፍል፣ በተወሰነ ክፍለ ጊዜ፣ የፈተና ጥላ አጥልቶበት የሚያስተምር ሰው መጽሐፉ ያዘዘውን ቢፈጽም አይፈረድበትም። እንዲያውም ከሁሉ በፊት ተወቃሾቹ እኛ ነን፤ እኛ የኪነት ሰዎች ከደሙ ንጹሓን አይደለንም። በየመድረካችን የሚታየውን የገጠር ቤት አስታውሱ፦ በጨርቅ ላይ የተሳለ ክብ ጎጆ፣ አንድ መሶብ፣ አንድ እንስራ፣ አንድ ጋቢ። በውስጡ የሚገባው ባላገርም አነጋገሩ ለሣቅ የተዘጋጀ ነው። እኔ ራሴ አንድ ተውኔቴ ሲዘጋጅ የመድረክ ሠሪው «ቤቱ ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «የተለመደውን ጎጆ አድርገው» ብዬ አልፌአለሁ። በመንዝ ተወልጄ፣ በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ጽፌ፣ የአባቴን ቤት «የተለመደው ጎጆ» አልሁት! ታዲያ ከዚያች ልጅ በምን እሻላለሁ? እርሷ ከአሥር ዘጠኝ ተሰጣት፤ ለእኔ ተጨበጨበልኝ።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ባህላዊ ቤትን የሚመለከተው ትምህርት ሲደርስ፣ ተማሪው ከመጻፉ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ በአማርኛ ወደ ቤቱ ይላክ፦ ይህን ቤት ማን ሠራው፣ ዕቃውስ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ክፍሉ ምን ይባላል፣ ለምንስ ይጠቅማል? ከቤቱ ምን ይጎድላል፣ ምንስ መለወጥ አለበት? መልሱን ይዞ ሲመለስ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ አያያዦቹን ያስተምረው፤ ስሞቹ ጓሳም ይሁኑ መደብ፣ ካብም ይሁን ቆጥ፣ እንዳሉ ይቀመጡና በአንዲት ሐረግ ይፍቱ። የመስሕቡንም ትምህርት ከላሊበላ በፊት ተማሪው በእግሩ ደርሶ ካየው ሥፍራ ይጀምሩት፤ ላሊበላ አይሸሽም። የባህል ማኅበራትና ደራስያን ደግሞ፣ የካብ ሠሪውና የጓሳ ከዳኙ ትውልድ ሳያልፍ፣ የቤቱን ቃላት ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ሰብስበን ለመምህራኑ በትንሽ መጽሐፍ እናቅርብላቸው። ቆርቆሮው መምጣቱ አይቀርም፤ ስሙ ሳይጻፍ የወረደ ጣራ ግን ሁለት ጊዜ ይፈርሳል።

ያን ዕለት ማታ ልጅቱ ከአባቷ ጋር ስትጠያየቅ አምሽታ አንቀጿን እንደገና ጻፈች። እንግሊዝኛው ከፊተኛው ይልቅ ስሕተት በዝቶበታል፤ ሁለት ጊዜ «ምክንያቱም» ስትል ተሰናከለች። ነገር ግን ጓሳው ለምን እንደሚከለል ጽፋለች፤ የእናቷን ዓይን ጽፋለች፤ አባቷ ቆርቆሮ እንደሚሻና እርሷ ግን የዝናቡን ጩኸት እንደምትፈራ ጽፋለች። ጎብኚ የሚል ቃል አልገባበትም። ከአሥር ስንት እንደሚሰጠው አላውቅም። ማን እንደጻፈው ግን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል፣ «ቤት ለእንግዳ!» ተብሎ ይገባል። ይህን ሥርዓት ማንም እንዲያስቀርብን አንፈልግም፤ ከየትም ይምጣ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይናገር፣ እንግዳው ይግባ። ነገር ግን ከውስጥ ሆኖ «ግቡ» የሚል ሰው እንዲኖር፣ አስቀድሞ ቤቱን ቤቴ የሚል ባለቤት ያስፈልጋል። ሁሉም እንግዳ ከሆነ፣ በሩን ማን ይከፍታል?